የባለቤቱ ወዳጆች

ዘርፉን በስሟ የሚጠራት ሰው አሁን ጥቂት ነው። «ያቺ ሣጥን የሰበረችዋ» ይሏታል። ሣጥኑን ማን እንደሰበረውና ለምን እንደተሰበረ ስትጠይቋቸው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ጉሮሮ መጥረጉ ይበቃል። እኔ የናዝሬት እህል በረንዳ ሰፈር ሰው ነኝ፤ ግማሹን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ግማሹን ከራሷ ከዘርፉ ሰምቻለሁ፤ እንደሆነው አድርጌ እጽፈዋለሁ። የሚከፋው ይክፋው።

ዘርፉ ጆንያ ጠጋኝ ነበረች። ከመጋዘኖቹ በአንዱ ጥላ ሥር ተቀምጣ፣ አይጥ የበላውን፣ የጫኝ መንጠቆ የቀደደውን ጆንያ በትልቅ መርፌና በሲባጎ ስትጠግን ትውላለች። እናትና አባቷ ከሞቱ ወዲህ ታናሽ ወንድሟን ነገሪን ያሳደገችው በዚያ መርፌ ነው። ልጁ አደገ፣ አማረበት፣ አሥራ ዘጠኝ ሞላው። በሌላ ዘመን ቢሆን እህት ለዚህ እልል ትላለች። በሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት ግን ወንድ ልጅ አሥራ ዘጠኝ ሞላው ማለት ከቤት አይወጣም ማለት ነበር። ከኳስ ሜዳ ያፍሳሉ፣ ከመናኸሪያ ያፍሳሉ፣ ከሠርግ ድንኳን ሙሽራውን ትተው ሚዜዎቹን ያፍሳሉ። ጠዋት ዳቦ ሊገዛ የወጣ ልጅ ከወር በኋላ ከሰሜን ግንባር ሰላምታ ይልካል፤ እሱም ዕድለኛ ከሆነ ነው።

ስለዚህ ነገሪ ቀኑን መጋዘን ውስጥ፣ በጆንያ ክምር መሃል ይውላል። ዘርፉ ከውጭ ሆና ትጠግናለች፣ እሱ ከውስጥ ሆኖ የተጠገነውን ያጥፋል። ሰው ሲመጣ ታስላለች። አንድ ዓመት እንዲህ ኖሩ።

ከዚያ ጉድጓድ የሚያወጣው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የጋሽ አብተው ሣጥን።

አብተው ጆተኒ ጠጋኝ ነው። ከጆተኒው በፊት ምድር ባቡር ይሠራ ነበርና ጅቡቲ ብዙ ተመላልሷል። እዚያ አንድ ቡና ቤት ውስጥ መርከበኞች ተሰልፈው የሚጫወቱበት፣ እንደ ቴሌቪዥን መስታወት ያለው ማሽን አየ። መስታወቱ ውስጥ አንድ ትንሽ ሰው ከጭራቆች ይሸሻል፤ የሚያስሸሸው ውጭ የቆመው ሰው ነው። አብተው ናዝሬት ሲመለስ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ቴሌቪዥኑን ከየት ያምጣው? ከእንጨት ሠራው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቁም ሣጥን የሚያህል ሣጥን ፊት በርጩማ ላይ ትቀመጥና ራስህን በጥቁር መጋረጃ ውስጥ ትከታለህ። ከፊትህ መስታወት አለ፣ ከመስታወቱ ጀርባ ጨለማ። የግራው እጀታ አንድ የቆርቆሮ ሰውዬ ከክፍል ክፍል ያስኬዳል። የቀኙ እጀታ አምፖል ያበራል። ካላበራህ ወለሉ ላይ ያለውን ቀዳዳ አታይም፣ ሰውዬህ ይወድቃል። ካበራህ ደግሞ ባለቤቱ ያይሃል። ባለቤቱ ከጅብ ቆዳ የተሰፋ፣ ዓይኑ የሞተር ሳይክል አንጸባራቂ የሆነ ፍጡር ነው፤ ከሣጥኑ ኋላ የተቀመጠው አብተው በገመድ ይስበዋል፣ ጣውላውን በምስማር እየጫረም ያስጮኸዋል። ነገሩን ስነግራችሁ ቀላል ይመስላል። እኔ ሁለት ልጆች የወለድኩ ሰው፣ መጀመሪያ ቀን ከበርጩማው ላይ ወድቄአለሁ።

የመጀመሪያው ሣጥን ቤት ነበር፤ «ባለቤቱ» የሚለው ስም የወጣለትም ለዚያ ነው። ሁለተኛው ባቡር ሆነ፣ ባለቤቱ ከፉርጎ ፉርጎ ይከተላል። ሁለተኛው ሲወጣ ነገሩ ከጨዋታ አለፈ። ከመቂና ከዓለም ጤና ሽንኩርት የሚጭኑ ልጆች መኪናው እስኪራገፍ ድረስ አብተው ሣጥኖቹን ባቆመበት የከረምቡላ ቤት ጓዳ ይሰለፋሉ። የቆርቆሮውን ሰውዬ ከቆርኪ ቀጥቅጠው ኮሌታቸው ላይ በሽቦ ያስራሉ። ባለቤቱ ለምን ያነክሳል? ሰውዬው ቀድሞውኑ የሞተ ነው ወይስ በሕይወት አለ? በዚህ የተኳረፉ ጓደኛሞች አውቃለሁ። አንዱ አብተውን ራሱን ጠይቆት ነበር።

«እግሩ ያነከሰው ገመዱ ስላጠረኝ ነው» አለ አብተው።

«አይደለም ጋሽ አብተው፣ እርስዎ አላስተዋሉትም» አለው ልጁ፣ ከልቡ አዝኖለት።

ሁለቱንም ሣጥኖች ሳትወድቅ የጨረሰች የመጀመሪያዋ ሰው ዘርፉ ነበረች። ያቺ ቀኑን ሙሉ አንገቷን ደፍታ የምትሰፋ ሴት፣ እዚያ ጓዳ ስትገባ መንገድ ይለቀቅላታል። ሥርዓቱንም ያወጣችው እሷ ናት። ተጫውቶ የወጣ፣ ለተሰለፈው አንዲት ቃል አይነግርም፤ በሌላ በር ወጥቶ ይሄዳል። የነገረ ከሰልፉ ጭራ ይሄዳል። ተሰላፊው ደግሞ ሊነግረው የመጣ ሰው ካየ ጆሮውን በጣቱ ይደፍንና «እምምም» እያለ ያንጎራጉራል። ሁሉም በአንድ ላይ ሲያንጎራጉሩ የንብ ቀፎ ይመስሉ ነበር። ፍርሃቱ ለእያንዳንዱ አዲስ ሆኖ እንዲቆየው ነው። ከዚህ የተሻለ መተሳሰብ በዚያ ዘመን የት ነበር? እስቲ ንገሩኝ።

የተማሩት ይስቁ ነበር። አንድ መምህር፣ ስሙን ልተወው፣ «ይሄ ሕዝብ የሚፈራው አጥቶ ነው ስሙኒ ከፍሎ የሚፈራው?» አለ፣ እኔ በቆምኩበት። ደሜ ፈላ። ጌታው፣ የሚፈራው አላጣም። ቀን በቀን በነፃ ይታደለዋል። ግን ቀበሌ ሲጠራህ ለምን እንደተጠራህ አታውቅም፤ ጎረቤትህ ሲወሰድ ምን እንዳጠፋ አታውቅም፤ እንዳይወስዱህ ምን ማድረግ እንዳለብህ አታውቅም። የአብተው ባለቤት ግን ሕግ ነበረው። ብርሃን ካየ ይመጣል፣ ካጠፋህ ያልፍሃል። ከተያዝክ ለምን እንደተያዝክ ታውቃለህ፣ ተነሥተህ እንደገና ትሰለፋለህ። ነገሪ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ሳምንቱን የሚጠብቀው ይህንን ነበር። ዘርፉ ሻሽ አስራው፣ ነጠላ አልብሳው፣ በጓሮ በጓሮ ታመጣው ነበር፤ ልጆቹም «እትዬ መጡ» እያሉ ቦታ ይሰጡታል።

ከዚያ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ገሠሠ ሰማ።

አብተውን አስጠርቶ፣ «ባለቤቱ የምትሉት ማነው?» አለው።

«አውሬ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«አውሬ ከሆነ ቤት ማን ሰጠው? ትርፍ ቤቱ የተወረሰበት ባላባት አይደለም? ይመለሳል ነው የምትሉት?»

«ሁለተኛው ላይ እኮ ባቡር ነው ያለው።»

«ባቡሩም የመንግሥት ነው» አለ ገሠሠ፣ ጓዳውንም አሸገው።

አብተው ሦስተኛውን ሣጥን ግማሽ አድርሶ ነበር። የዝዋይ ሐይቅ ነው፣ ጀልባ አለው፣ ባለቤቱ ከውኃ ሥር ይመጣል ተብሎ ወሬው እስከ አርሲ ነገሌ ደርሷል። ከጓዳው መታሸግ በኋላ ነገሪ መብል ተወ። ጆንያ ላይ ተኝቶ ጣራ ያያል። ዘርፉ እሱን ማየት ሲያቅታት ጓዳው ይከፈት ብላ ገሠሠ ዘንድ ሄደች። አባረራት። ደግማ ሄደች። አሁንም አባረራት። በኋላ ግን አንድ ቀን ወንበር ሰጣት። ወንበር ሲሰጧችሁ ፍሩ ያልኩት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም፤ ማን ይሰማኛል?

«አስቤበታለሁ» አላት ገሠሠ። «ወጣቱ መዝናኛ ያስፈልገዋል። ጓዳ ለጓዳ ከምትርመሰመሱ አዲሱ ሣጥን በአዳራሻችን ይከፈት። በነፃ። ከሌላ ከተማ ያሉትም ይምጡ።»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ልጆቹ ይፈራሉ እኮ። ወንድም አለኝ፣ እሱም…»

«እኔ በር ላይ ቆሜ? ማን ይነካዋል? ቃሌ ነው።» ቀጥሎም ፈገግ ብሎ፣ «ሥርዓት አላችሁ አሉ። የወጣ ከተሰለፈው አይገናኝም? እስቲ አስረጂኝ» አላት።

አስረዳችው። ኩራት ብጤም ተሰምቷት ነበር፣ በቀበሌ አዳራሽ ስለ ባለቤቱ እንዲህ በአክብሮት የጠየቃት ሰው የለምና። እሱም ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠ። «ጥሩ ነው፤ በፊት በር ይገባሉ፣ በጓሮ በር ይወጣሉ» አለ።

እሑድ ረፋድ ላይ ሰልፉ ከአዳራሹ በር እስከ ወፍጮ ቤቱ ደረሰ። ገሠሠ ካኪውን ለብሶ፣ ብቻውን፣ ጠመንጃ የያዘ ሰው አጠገቡ ሳይኖር፣ በር ላይ ቆሟል። ነገሪ ያለ ሻሽ፣ ያለ ነጠላ፣ በወንድ ልብሱ፣ ሰልፉ መሃል ላይ ቆሟል። ከፊቱ የመቂው ሽንኩርት ጫኝ ሰብስቤ አለ፤ አፉ የማያርፍ ልጅ ነው።

«ነገሪ፣ ፂም አለህ ለካ» ይለዋል። «እኔ ለእትዬ ሽማግሌ ልልክ ነበር።»

«ላክ። እህቴ ጥሎሽ ትወዳለች።»

የመጀመሪያውን ዕድል ለዘርፉ ሰጧት፤ ማንም አልተቃወመም። ገባች። ሦስተኛው ከሁለቱም ይበልጥ ነበር ትላለች፤ የውኃው ድምፅ ብቻውን ያስለቅሳል። ጨርሳ፣ ላቧን እየጠረገች፣ እየሳቀች፣ የጓሮውን በር ገፍታ ወጣች።

ጓሮው ውስጥ ሸራ የለበሰ የጭነት መኪና ቆሟል። አብዮት ጠባቂዎች ጠመንጃቸውን ይዘው ግድግዳው ሥር ተቀምጠዋል። ከሸራው ሥር አራት ባዶ እግሮች ይታያሉ፤ ከሌላ ቦታ ታፍሰው የመጡ ናቸው። አንዱ ጠባቂ አየት አደረጋትና፣ «ሴት ናት፣ ትሂድ» አለ። በቀጭኑ የአጥር በር አስወጧት። «ብትተነፍሺ አንቺንም እንጭንሻለን።»

አጥሩ ረጅም ነው፣ መጋዘኖቹን ዞሮ ነው ወደ ፊት የሚወስደው። ሮጣ እስክትደርስ ባለቤቱ ቶሎ የያዛቸው ሦስት ልጆች ገብተው በጓሮ ወጥተዋል፣ አራተኛው፣ የሰፈራችን ልጅ ሐዲስ፣ በር ላይ ነበር፣ እሱም ገባ። ዘርፉ ገሠሠ እንዳያያት በሰልፉ ጀርባ በኩል መጣች።

«አትግቡ» አለቻቸው። «ሽሹ። ጓሮው ውስጥ መኪና አለ፣ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች አሉ፣ የሚወጣውን ይይዛሉ።»

ሰልፉ በሳቅ አውካካ። ከዚያ ሁሉም ጣቱን ጆሮው ውስጥ ከተተ። እምምም።

«ሰው ስሙኝ፣ አፈሳ ነው።»

«ኧረ ዘርፌ፣ ተይ» አለ ሰብስቤ እየጮኸ፣ ጆሮውን እንደደፈነ። «ሦስተኛው ላይ መኪና አለ በይኛ? ሥርዓቱን ያወጣሽው አንቺ፣ የምታፈርሺው አንቺ? ወደ ሰልፉ ጭራ።»

«ጭራ፣ ጭራ» አሉ ሌሎቹ።

ነገሪን ክንዱን ያዘችው። ልጁ አፈረባት። ዓይኑን ጨፍኖ ያንጎራጉራል፤ ስትጎትተው ተፈናጥሮ ወደ በሩ ጠጋ አለ። ያሳደገችው ልጅ ከእሷ ሸሽቶ ወደ መኪናው አንድ እርምጃ ቀረበ። ይህንን ስታወራ እስከ ዛሬ ድምፅዋ ይቀየራል።

ሞኞች ነበሩ የሚል ሰው ካለ ከእኔ ጋር ይነጋገር። በዚያ አገር የተናገረውን የሚያከብር፣ የተስማማበትን የሚጠብቅ አንድ ስብስብ ቢኖር ያ ሰልፍ ነበር። ያንን ጥሩ ነገራቸውን እንደ ወጥመድ ያጠመደው ነው ሊጠየቅ የሚገባው፣ እሱ ደግሞ በር ላይ ቆሞ ለልጆቹ «ቀስ በሉ፣ አትጋፉ» ይል ነበር።

ዘርፉ ቀጥ ብላ ወደ ገሠሠ ሄደች። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ሻሼን ውስጥ ረሳሁ» አለችው። የሚፈልገው ወንዶቹን ነበርና አሳለፋት።

ሐዲስ ራሱን መጋረጃው ውስጥ ከትቶ ይጫወታል። «ሐዲስ፣ ተነሥ፣ ጓሮው ውስጥ መኪና አለ» አለችው።

«ልጨርስ በናትሽ» አለ ከመጋረጃው ውስጥ።

አብተው ከሣጥኑ ኋላ ብቅ አለ። «ምን አለ አልሽ?»

«መኪና፣ ጋሽ አብተው።»

አብተው ገመዱን ለቀቀ። በዚያ እሑድ የተናገረችው የገባው የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው፤ ሣጥኑ ውስጥ ያለው ጀልባ እንጂ መኪና እንዳልሆነ የሚያውቀው እሱ ነውና። «የሐዲስ ጓደኞች በዚያ በር ወጥተዋል» አለ።

«ብነግራቸው አይሰሙኝም። ጆሯቸውን ደፍነዋል።»

መዶሻውን አነሣ። ዓመት ሙሉ የለፋበትን ሣጥን መስታወቱን ከኋላ በኩል መታው፤ ባለቤቱን ከነገመዱ ነቅሎ አስታቀፋት። «ያዢውና ሩጪ» አላት። «እኔ የማውቃቸው ከሆነ ዝም ብለው አያዩሽም።»

ወጣች። ገሠሠ ምን እንደሆነ ሳይገባው በጎኑ ሾልካ፣ ያንን የጅብ ቆዳ ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ቀይ ዓይኖቹ በፀሐይ እየበሩ፣ በሰልፉ ፊት ለፊት እየሮጠች አለፈች።

የሰልፉ ማንጎራጎር ቆመ። ሰብስቤ ጣቱን ከጆሮው አወጣ።

«ባለቤቱን ነቀለችው» አለ። ከዚያ፣ «ያዟት።»

ሰልፉ በሙሉ ተነሣ። እንደዚያ ያለ ሩጫ አይቼ አላውቅም። ከመቂ የመጣው፣ ከዓለም ጤና የመጣው፣ የእኛው ሰፈር ልጅ፣ ሁሉም እየተሳደበ ይከተላታል፤ ነገሪ ከሁሉም ፊት ነው፣ ሌሎቹ ሳይመቷት ቀድሞ ሊይዛት። ገሠሠ ፊሽካውን ነፋ። ጠባቂዎቹ ግን ከጓሮ ነበሩ፤ ልጆቹን እንዳያስደነግጡ ብሎ የደበቃቸው ራሱ ነው። አጥሩን ዞረው ሲደርሱ መንገዱ ላይ የቀረው አቧራና የአንድ ሰው ጫማ ነበር።

እህል በረንዳው ላይ፣ በጆንያዎቹ መሃል ወደቀች። ከበቧት። ሰብስቤ የጅቡን ቆዳ ከእጇ ነጠቀ።

«ምን በደልንሽ?» አላት፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ «ከሐዲስ በፊት የገቡት ሦስቱ የት አሉ?» አለች። «ወጥተው ያያቸው አለ?»

«በጓሮ ወጥተዋላ። ሥርዓቱ ነው።»

«ከጓሮ ወጥተው የት ሄዱ? ቤታቸው ያለው እዚህ ነው። አንዱ የአንተ መኪና ጫኝ ነው። የት አለ?»

እርስ በርስ ተያዩ። አሁን ሰልፍ ላይ አይደሉም፤ ጆሮ የሚደፍን አልነበረም። ፊሽካው ከሩቅ ይሰማል። ሰብስቤ ቆዳውን መሬት ላይ ለቀቀው። ከዚያ ሁሉም በየመጋዘኑ መሃል፣ በየሽንኩርት መኪናው ላይ ተበተኑ።

ነገሪን ባዶ ጆንያ ጭኖ ወደ አርሲ ነገሌ እህል ሊያመጣ የሚነሣ መኪና ላይ፣ ራሷ የጠገነችው ጆንያ ሥር አስተኛችው። እዚያ የአባታቸው ዘመድ አለ። «እኔን ይቅር በይኝ» ሊላት ሲጀምር አፉን በእጇ ያዘችው፣ ጊዜ አልነበረም። ነገሪ ዛሬ በሕይወት አለ፤ ልጆችም አሉት።

ከሰልፉ ቀድመው የገቡት አራቱ ተወሰዱ። ሐዲስን ገሠሠ ራሱ ነው በር ላይ የያዘው፤ ልጁ ከመስታወቱ ስብርባሪ ራሱን አውጥቶ ዘርፉን ሊከተል ሲል። ማታውኑ አብተውንና ዘርፉን ወሰዷቸው፤ «የወጣቱን መዝናኛ አወደማችሁ» ተባሉ። እየቀለድኩ አይደለም፣ ቃሉ ይኸው ነበር። ሲፈቱ አብተው ወደ ጆተኒው ተመለሰ፣ ሌላ ሣጥን አልሠራም። ከወዳጆቹ መሃል ዘርፉን ያመሰገነ አለ። ሦስተኛውን ሳላየው ቀረሁ ብሎ ያኮረፈም አለ፣ ፊቱን ባየሁት ቁጥር እጄን ይበላኛል።

ዘርፉ በተፈታች በሦስተኛው ቀን የሐዲስ እናት ወይዘሮ ሙሉብርሃን ጆንያው አጠገብ መጥተው ቆሙ። ጥቁር ለብሰዋል፣ ልጃቸው ግን ይሙት ይኑር ገና አያውቁም ነበር። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«ያንቺን አተረፍሽ» አሏት። «የኔ ልጅ አጠገብሽ ነበር። ቆርቆሮ ከሚያጫውትበት ጎትተሽ ለምን አላወጣሽልኝም?»

ሰፈሩ ቆሞ ያዳምጣል፤ አንዳንዱ ራሱን ይነቀንቅ ነበር፣ እውነት ነው እንደማለት። እኔ እዚያ ቆሜ ተናደድኩ፣ እስከ ዛሬ እንደተናደድኩ ነኝ። አንዲት እናት ጥያቄ ይዛ ከተማውን ትዞራለች፣ ጥያቄው ግን ጆንያ ጠጋኝ ዘንድ ያልቃል፤ ሁሉም ደግሞ ጥያቄው ተገቢው ቦታ የደረሰ ይመስለዋል።

ዘርፉ መርፌዋን ጆንያው ላይ ሰካች። ተነሥታ ወይዘሮ ሙሉብርሃንን በክንዳቸው ያዘች። ሁለቱም እስከ ቀበሌው ሄዱ፤ እኛም ከሩቅ ተከተልን። የሊቀመንበሩን ቢሮ ሳታንኳኳ ከፈተችው። ገሠሠ ሻይ ይጠጣ ነበር።

«እማማ፣» አለች ዘርፉ፣ «የጠየቁኝን ለሱ ይድገሙለት።»

ሙሉብርሃን ደገሙት። ገሠሠ ብርጭቆውን አስቀመጠ፤ አንዴ ዘርፉን፣ አንዴ በሩ ላይ የተኮለኮልነውን አየ፣ ከዚያ በሩን ዝጉት አለ። የዘጋ ሰው አልነበረም።